«ጊዜያዊ ብልሽት» ስትሉን የትኛውን ማለታችሁ ነው?

ማስታወቂያውን ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል። «በከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ መስመር ላይ ባጋጠመ ጊዜያዊ ብልሽት ምክንያት በሚከተሉት አካባቢዎች ኤሌክትሪክ ተቋርጧል፤ ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን።» የቃላቱ አደራደር ይለያይ እንጂ መልኩ ይህ ነው። ከሥሩ የሰፈር ስም ይደረደራል። መብራቱ ሲመጣ ሁለተኛው ይለጠፋል፦ «ጊዜያዊ ብልሽቱ ተስተካክሎ አገልግሎቱ ተመልሷል።» አስተያየት መስጫው ላይ ጥቂት ስድብ፣ ጥቂት «እናመሰግናለን»፣ ብዙ የሳቅ ምልክት። አለቀ።

ዛሬ የምጽፈው ስለ መብራት መጥፋት አይደለም። እሱን ሁላችንም እንችልበታለን። የምጽፈው ስለ አንዲት ቃል ነው፤ «ጊዜያዊ» ስለምትባለው።

ይህች ቃል በኤሌክትሪክ ሙያ ውስጥ ቁርጥ ያለ ትርጉም አላት። ማስታወቂያ የሚጽፉልን ሰዎች ግን ያንን ትተው «ይመጣል፣ ታገሱ» ለማለት ይጠቀሙባታል። በዚህ ስሌት ከሆነማ ጊዜያዊ ያልሆነ መጥፋት የለም፤ እስከ ዛሬ ሄዶ የቀረ መብራት አላየንምና።

በሙያው ቋንቋ ጊዜያዊ ብልሽት ማለት መስመሩ ለአፍታ ከኃይል ሲነጠል በራሱ የሚጠፋ ብልሽት ነው። ማንም ማማ ላይ ሳይወጣ፣ ማንም መፍቻ ሳይዝ። ቋሚ ብልሽት ደግሞ የሰው እጅ ካልነካው የማይለቅ ነው፦ የተበጠሰ ሽቦ፣ የተሰበረ ስኒ፣ የወደቀ ማማ፣ ሽቦው ላይ ተጋድሞ የቀረ ግንድ። ልብ በሉ፤ በሁለቱም ትርጉም ውስጥ ሰዓት የለም። ጊዜያዊ ብልሽት አምስት ሰዓት ጨለማ ሊያመጣ ይችላል፤ ቋሚ ብልሽት ደግሞ ሌላ መስመር ጭነቱን ከተሸከመለት እናንተ ቤት አምፖሏን እንኳ ላያርገበግባት ይችላል።

መብረቅ መስመር ሲመታ የሚሆነውን እንይ። ሽቦው ማማው ላይ የሚንጠለጠለው በስኒ ነው፤ ከሸክላ ወይም ከመስታወት ተሠርቶ እንደ ሰንሰለት የተቀጣጠለ፣ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ዕቃ። የመብረቁ ቮልቴጅ ስኒው ከሚችለው በላይ ሲሆን ዙሪያውን ያለውን አየር ሰንጥቆ ወደ ማማው ብረት ይዘላል። መብረቁ ራሱ ዓይን ሳይጨፈን አልፎ ሄዷል። ትቶት የሄደው የጋለ አየር ነው፤ እንዲያ የጋለ አየር ደግሞ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ስለዚህ አሁን በዚያ የእሳት ድልድይ ላይ ወደ መሬት የሚፈሰው የመብረቁ ሳይሆን የመስመሩ የራሱ ኃይል ነው። ድልድዩን የሚቀልበው መስመሩ ነው ማለት ነው። ቀለቡን ለግማሽ ሰከንድ፣ ለአንድ ሰከንድ ከልክሉት፤ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ድልድዩ ይፈርሳል። መልሳችሁ ስታገናኙት ምንም የለም።

ይህን የሚያደርገው ሰው አይደለም። ሪሌይ የሚባለው ጠባቂ ብልሽቱን አይቶ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ገደማ ብሬከሩን ያስቆርጣል፤ ትንሽ ይጠብቃል፤ መልሶ ያገናኛል። ብልሽቱ ከጠፋ ሥራ ይቀጥላል፣ እኛም «ብልጭ አለ» ብለን እንረሳዋለን። ካልጠፋ ዳግም ይቆርጥና ይቆለፋል። ከዚያ በኋላ ያለው የሰው ተራ ነው።

በአየር ላይ በተዘረጉ መስመሮች ከሚደርሱት ብልሽቶች ከ70 እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት ጊዜያዊ እንደሆኑ የሙያው መጻሕፍት ይናገራሉ። መብረቅ፣ ንፋስ ያወዛወዘው ሽቦ፣ ክንፉን የዘረጋ ትልቅ ወፍ፣ ነክቶ የተመለሰ ቅርንጫፍ። አብዛኛው በራሱ የሚለቅ ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም በሉና ማስታወቂያውን እንደገና አንብቡት። ብልሽቱ እውነት ጊዜያዊ ከነበረ፣ መልሶ ማገናኛውም ከሠራ፣ እኛ አራት ሰዓት አንጨልምም ነበር። አራት ሰዓት ከጨለምን ከሦስት አንዱ ነው። አንደኛ፣ ብልሽቱ ጊዜያዊ ነበር፤ ነገር ግን መልሶ ማገናኛው የለም፣ ወይም ጠፍቷል፣ ወይም ሞክሮ አልቻለም። ሁለተኛ፣ ብልሽቱ ቋሚ ነበር፤ እናንተ «ጊዜያዊ» አላችሁት። ሦስተኛ፣ ብልሽቱ ጊዜያዊ ሆኖ ሌላ ትልቅ ነገር ይዞ ወደቀ። ሦስቱም የተለያየ ታሪክ ናቸው፤ ተጠያቂውም፣ መድኃኒቱም፣ ወጪውም ይለያያል። «ጊዜያዊ» የምትለው ቃል ሦስቱንም በአንድ ነጠላ ጠቅልላ ታሳልፋቸዋለች።

ሁለተኛው ማስታወቂያማ ይብሳል። «ጊዜያዊ ብልሽቱ ተስተካክሎ» ይላል። ወገኖቼ፣ ጊዜያዊ ብልሽት አይስተካከልም! የሚስተካከል ከሆነ ጊዜያዊ አይደለም። ጠጋኝ ከተላከለት፣ ሽቦ ከተቀጠለለት፣ ስኒ ከተቀየረለት ስሙ ቋሚ ብልሽት ነው።

አንድ ጊዜ ለዘገባ ስል ይህንኑ ጥያቄ ለአንድ ተቋም የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ አቅርቤ ነበር። የተቋሙን ስም አልጠራም፤ ሰውየው በጣም ትሁት ነበሩ።

«ብልሽቱ ጊዜያዊ ነው ብላችኋል። ቋሚ እንዳልሆነ በምን አወቃችሁ?»

«ወንድሜ፣ መብራቱ መጥቶ የለ እንዴ?»

«መጥቷል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ» የምትለዋ ላይ ነው ጠባችን። መብራቱ መምጣቱ ስለ ብልሽቱ ምንም አይነግረንም።

መልሶ ማገናኘት ቁማር ነው። ጥሩ ቁማር ነው፤ ብዙ ጊዜ ይበላል። ሲበላ ግን ቀላል አይደለም። መስመሩ ከብልሽቱ ጋር እንዳለ ሲገናኝ ያ ሁሉ ኃይል ለሁለተኛ ጊዜ በዚያው ቁስል ላይ ይዘንባል። ብሬከሩ ይጎዳል፤ ትራንስፎርመሩ ይመታል፤ ቅርብ ያለ ማመንጫ ካለ የተርባይኑ ዘንግ ይጠመዘዛል፤ ሥርዓቱም ከመጀመሪያው ምት ሳያገግም ሁለተኛው ይደርሰዋል። ከዚህ የከፋም አለ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 7 ቀን 2009 በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ኪልሞር ኢስት በተባለ ቦታ፣ 43 ዓመት ያገለገለ ባለ አንድ ሽቦ የገጠር መስመር ተበጥሶ እሳት አስነሳ። በዚያ እሳት ብቻ 119 ሰው ሞተ፤ በዕለቱ በክፍለ ግዛቱ ከሞተው 173 ሰው ውስጥ ማለት ነው። ጉዳዩን የመረመረው ኮሚሽን ከሰጣቸው ምክሮች አንዱ፣ እሳት በሚያሰጋባቸው ሳምንታት በእንዲህ ዓይነት መስመሮች ላይ መልሶ ማገናኛው እንዲጠፋ የሚል ነው። ነገሩ ግልጽ ነው። የተበጠሰ ሽቦ ደረቅ ሣር ላይ ወድቆ ሳለ «ምናልባት ጊዜያዊ ይሆናል» ብሎ ኃይል መልሶ መስደድ ክብሪት መጫር ነው። ያ የማከፋፈያ መስመር ነበር፤ ጥያቄው ግን በ500 ኪሎ ቮልትም ያው ነው፦ ከማገናኘታችን በፊት ማወቅ እንችላለን?

እንችላለን። ቢያንስ በአንድ ዓይነት ብልሽት ላይ በደንብ እንችላለን። አንዳንዶች «ይህ የሮኬት ሳይንስ ነው» ስለሚሉን በቀላሉ ላስረዳ።

የማስተላለፊያ መስመር ሦስት ፌዝ ነው፤ ሦስት ሽቦ በሉት። አብዛኛው ብልሽት የሚነካው አንዱን ብቻ ነው። ስለዚህ የተነካውን አንዱን ብቻ ቆርጦ ሁለቱን ማስቀጠል ይቻላል፤ በትላልቅ መስመሮች የተለመደ ነው። አሁን የተቆረጠው ሽቦ ከሁለቱም ጫፍ ተለይቶ በአየር ላይ ተንጠልጥሏል። ግን ሙት አይደለም። ጎን ለጎን የተዘረጉት ሁለት ሽቦዎች በሙሉ ኃይል እየሠሩ ስለሆነ በአየር በኩል ትንሽ ቮልቴጅ ያወርሱታል። እንግዲህ ሽቦው መሬት ካልነካ፣ የእሳቱ ድልድይም ከፈረሰ፣ ያ የተወረሰ ቮልቴጅ ይታያል። ሽቦው ተበጥሶ መሬት ላይ ወድቆ ከሆነ ወይም ማማው ብረት ላይ ካረፈ ግን ቮልቴጁ ወደ ዜሮ ተጠግቶ ይቀራል። የሽቦውን ጫፍ የሚለካ መሣሪያ ካለ ልዩነቱ ይታያል። የታመመ ሰው አንጓ ይዞ የልብ ምት እንደ መቁጠር ነው። ምት ካለ አገናኝ፤ ከሌለ አትንካው፣ ሰው ላክ።

ድልድዩ ገና እየነደደ ከሆነም ይታወቃል፤ እሳት ኤሌክትሪክን እንደ ንጹህ ብረት አስተካክሎ አያሳልፍም፣ ሞገዱን ያንሻፍፈዋል። ያ መንሻፈፍ «ቆይ፣ ገና ነኝ» የሚል ምልክት ነው።

ይህ ዛሬ የተገኘ ነገር አይደለም። የቻይናው የሺያን ጂያዎቶንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጌ ያዎጆንግ ከባልደረቦቻቸው ጋር ቋሚ ብልሽት ላይ መልሶ ማገናኘትን አስቀድሞ የሚከለክል ዘዴ ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። በእንግሊዝ የባዝ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ደግሞ በ1990ዎቹ ይህንኑ ልየታ ለሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ አስተምረዋል። ዛሬ «አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ» እያለ ስብሰባ የሚያሞቀው ሁሉ ያልሰማው ሥራ ነው።

ችግር የለበትም አልልም። ረጅም መስመር ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ጎረቤት ሽቦዎች ለተቆረጠው ሽቦ የሚያወርሱት ቮልቴጅ የእሳቱንም ድልድይ ስለሚቀልብ እሳቱ ቶሎ አይሞትም፤ መስመሩ በረዘመ ቁጥር ቀለቡ ይበዛል። ለዚህ ሪአክተር የሚባል ዕቃ በመስመሩ ላይ ተገጥሞ ቀለቡን እንዲቀንስ ይደረጋል፤ ኪምባርክ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1964 ጽፎበታል። ሪአክተሩ ግን በፈንታው የቮልቴጁን ምልክት ስለሚያወዛውዘው «ልብ ምቱን» ማንበብ ይከብዳል። ከህዳሴ ግድብ ተነስቶ በደዴሳ በኩል ሆለታ የሚደርሰው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመራችን ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ይህ ጥያቄ በቀጥታ እሱን ይመለከተዋል። ከወላይታ ሶዶ ኬንያ ሱስዋ የሚወርደው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው መስመር ደግሞ ቀጥተኛ ጅረት ስለሆነ አሠራሩ ሌላ ነው፤ ጣቢያው ራሱ ኃይሉን ወደ ዜሮ አውርዶ፣ ጠብቆ፣ ቀስ አድርጎ መልሶ ይሞክራል። ዘዴው ይለያይ እንጂ ጥያቄው አንድ ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ቴክኖሎጂ ለማስተዋወቅ አይደለም። ከመሣሪያው በላይ የሆነ ጉዳይ አለ፤ ጠቤም እዚያ ላይ ነው። መሣሪያው የሚነግረን በዚያች ግማሽ ሰከንድ ውስጥ ብልሽቱ ለቅቋል ወይስ አልለቀቀም የሚለውን ብቻ ነው። ነገ ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ አይነግረንም። እሱን የሚያውቀው መዝገብ የሚይዝና መዝገቡን የሚያነብ ሰው ነው።

ኦሃዮ የሆነውን ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2003 ሞቃት ቀን ነው። ስታር ከሚባል ጣቢያ ወደ ሳውዝ ካንተን የሚሄድ ባለ 345 ኪሎ ቮልት መስመር አለ። በእኛ የሰዓት አቆጣጠር ብናወራው ከቀኑ 8 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ላይ መስመሩ ዛፍ ነካ። ተቆረጠ። መልሶ ተገናኘ። ያዘ። እንግዲህ በመጽሐፉ ፍቺ ይህ ጊዜያዊ ብልሽት ነው፤ በራሱ ለቀቀ፣ ማንም አልጨለመም። የመስመሩ ሌላኛው ጫፍ የሌላ ኩባንያ ስለነበር የዚያ ኩባንያ ሰዎች ደወሉ፦ መስመሩ ተቆርጦ ተመልሷል፣ አይታችኋል? አላዩም። የፈርስትኢነርጂ መቆጣጠሪያ ክፍል የማስጠንቀቂያ ሶፍትዌር ከ8 ሰዓት ከ14 ጀምሮ ሞቶ ነበር፣ መሞቱንም አላወቁም። ጎረቤቱ ከ9 ሰዓት በኋላ እንደገና ደወለ። አሁንም ምንም አላዩም።

በመሃል ሌሎች ሁለት መስመሮች፣ አንዱ 9 ሰዓት ከ05 ላይ፣ ሌላው 9 ሰዓት ከ32 ላይ፣ ዛፍ ነክተው ወጡ። አንደኛው የወጣው ከአቅሙ ግማሽ እንኳ ሳይሸከም ነው፤ ዛፉ ያን ያህል አድጎ ነበር። የእነሱ ጭነት በስታር መስመር ላይ ተደረበ። ብዙ የተሸከመ ሽቦ ይግላል፣ የጋለ ሽቦ ይረዝማል፣ የረዘመ ሽቦ ይረግባል። 9 ሰዓት ከ38 ላይ ያው መስመር ዛፍ ነካ፤ ተቆረጠ፣ መልሶ ተገናኘ። 9 ሰዓት ከ41 ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ነካ። ይህኛው ተቆልፎ ቀረ። ከ10 ሰዓት በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ በ8 የአሜሪካ ግዛቶችና በካናዳዋ ኦንታሪዮ የሚኖር 50 ሚሊዮን ሰው መብራት አጣ፤ 61,800 ሜጋ ዋት ጭነት ወደቀ።

ሦስት ጊዜ። አንድ መስመር፣ አንድ ምክንያት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን መዝጋቢ «ጊዜያዊ» ብሎ ቢጽፋቸው አልዋሸም። ዛፉ ግን ጊዜያዊ አልነበረም፤ ዓመታት ወስዶ ያደገ ነው። የአሜሪካና የካናዳ የጋራ መርማሪ ቡድን በሪፖርቱ በዋና ምክንያትነት ካስቀመጣቸው ውስጥ በመስመሩ ክልል ያለ ዛፍ በአግባቡ አለመቆረጡ አንዱ ነው።

ጣሊያንም በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 28 ሌሊት እንዲሁ ሆነች። ከስዊዘርላንድ የሚያስገባ ባለ 380 ኪሎ ቮልት መስመር ዛፍ ነክቶ ተቆረጠ። መልሶ ማገናኘት ተሞከረ፣ አልያዘም። ከደቂቃዎች በኋላ በእጅ ሲሞከር ደግሞ በመስመሩ ሁለት ጫፎች መካከል ያለው የአንግል ልዩነት ከተፈቀደው 30 ዲግሪ አልፎ 42 ደርሶ ስለነበር መሣሪያው እምቢ አለ። ከ24 ደቂቃ በኋላ ሁለተኛው መስመር ረግቦ ዛፍ ነካ። ከሰርዲኒያ ደሴት በቀር አገሩ በሙሉ፣ 56 ሚሊዮን ያህል ሰው ጨለመ። መነሻው ዛፍ የነካ ሽቦ ነበር።

ወባ ያለበት ሰው ትኩሳቱ ስለለቀቀው ዳነ አይባልም። መድኃኒት ካልወሰደ ትኩሳቱ ቀን ጠብቆ ይመለሳል። የእኛ መስመሮች ላይ «ጊዜያዊ» እየተባለ የሚታለፈው ስንቱ ወባ እንደሆነ ማን ይናገር?

አንድ ምሳሌ ብቻ ልጨምር፤ ይህ ለእኛ አገር በጣም የቀረበ ነው። መብረቅ ሽቦውን ሳይሆን ማማውን ሊመታ ይችላል። የማማው እግር ከመሬት ጋር ያለው ግንኙነት ጥሩ ከሆነ ኃይሉ ወደ መሬት ይሰርጋል፣ ሽቦውም አይነካም። አፈሩ ድንጋያማ ሆኖ ግንኙነቱ ደካማ ከሆነ፣ ወይም የመሬት ሽቦው ተሰርቆ ከሆነ፣ መሄጃ ያጣው ኃይል ማማው ላይ ይቆለልና ወደኋላ በስኒው ላይ ዘሎ ሽቦውን ይመታል። ብልሽቱ ጊዜያዊ ነው፤ ግማሽ ሰከንድ ተቆርጦ ይመለሳል። በሚቀጥለው ነጎድጓድ እንደገና። በሚቀጥለው ክረምት እንደገና፣ እዚያው ማማ ላይ። ደጋችን ድንጋያማ ነው፣ ክረምታችን መብረቃም ነው። እያንዳንዱ ምት ጊዜያዊ ነው፤ የማማው እግር ግን ሰው ሄዶ እስኪያበጀው ድረስ ቋሚ ብልሽት ተሸክሞ ቆሟል። መዝገብ የሌለው ተቋም ይህን አሥር ዓመት ሙሉ «መብረቅ ነው፣ የእግዚአብሔር ሥራ ነው» እያለ ያልፈዋል። መዝገብ ያለው በሁለተኛው ክረምት ቆፋሪ ይልካል።

ከመስመር ሥር የሚተከለው ባሕር ዛፍም እንደዚሁ ነው። ባሕር ዛፍ ስንት ፈጥኖ እንደሚያድግ ለኢትዮጵያዊ አይነገርም።

የማማ ብረት ስርቆት ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ማማው ብረቱን እያስወሰደ ዝም ብሎ ይቆማል፤ አያንኳኳም፣ አይቆረጥም፣ ሪሌዩ ምንም አያይም። የመጀመሪያው ምልክት የመጨረሻው ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 11 ቀን 2022 ከኪያምቤሬ ኢምባካሲ የሚሄደው መስመር ማማዎች ወድቀው አገሪቱ ጨለመች፤ መንግሥት ነገሩን ከብረት ስርቆት ጋር አያይዞ በዚያው ወር የቁርጥራጭ ብረት ንግድን አገደ። እርምጃው ልክ ነው አይደለም ሌላ ክርክር ነው። ግን ቢያንስ ብልሽቱን በስሙ ጠሩት። የእኛም ተቋማት ስለ ብረት ስርቆቱ በየጊዜው መግለጫ ይሰጣሉ፤ ለዚህ አመሰግናለሁ። የሚያሳዝነው በስርቆት የወደቀውም ማማ፣ መብረቅ የነካካውም ስኒ፣ ማስታወቂያው ላይ ሲደርሱ ስማቸው አንድ መሆኑ ነው።

የሚመጣብኝን መልስ አውቀዋለሁ፤ ጓደኞቼ መሐንዲሶች በተለያየ ጊዜ ነግረውኛል።

«ለሕዝቡ ይህ ምን ይሠራለታል?» ይላሉ። ወፍጮ ቤት ያለውን ሰው ጠይቁት። እህል ይዘው የተሰለፉትን እናቶች «ጠብቁ» ይበላቸው ወይስ «ነገ ኑ»? የጤና ጣቢያዋ ነርስ ክትባቱን ፍሪጅ ውስጥ ትተወው ወይስ በረዶ ፍለጋ ትሂድ? ዳቦ ቤቱ የተቦካውን ሊጥ ምን ያድርገው? ጄኔሬተር ያለው ነዳጁን አሁን ያቃጥል ወይስ ለማታ ያስቀምጥ? መልሱ ሙሉ በሙሉ ብልሽቱ ጊዜያዊ ነው ወይስ ቋሚ በሚለው ላይ የተንጠለጠለ ነው። ማማ ከወደቀ ቀናት ነው። ስኒ ላይ የዘለለ ብልጭታ ከሆነ ሰው መቀመጫውን ሳይለቅ ሊመለስ ይችላል። ይህን ልዩነት የሚያውቀው አንድ አካል ብቻ ነው፤ እሱም «ጊዜያዊ» ብሎን ዝም ይላል።

«የት ቦታ እንደተበላሸ መናገር የደህንነት ጉዳይ ነው» የሚሉም አሉ። ብረቱን የፈታው ሌባ ማማው የት እንዳለ ያውቃል እኮ! የማያውቀው ሕዝቡ ነው።

«መሣሪያ የለንም» የሚለው ሦስተኛው ነው፤ ከሁሉም የምታዘንለት እሱን ነው። ለአሮጌ መስመሮች እውነት ሊሆን ይችላል። ዘመናዊ ዲጂታል ሪሌይ ግን ብልሽት ባየ ቁጥር ማንም ሳያዘው ይመዘግባል፦ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ፌዝ፣ ከጣቢያው በግምት በስንት ኪሎ ሜትር ርቀት፣ መልሶ ሲገናኝ ያዘ ወይስ አልያዘም። በሺህ ኪሎ ሜትር የሚቆጠር መስመር ዘርግቶ ያለዚህ መሣሪያ የሚሠራ ተቋም የለም። መዝገቡ ካለ አለ። የጎደለው ከሪሌዩ ወደ ማስታወቂያ ጸሐፊው የሚወስደው መንገድ ነው። ማስተላለፊያውና ማከፋፈያው እ.ኤ.አ. በ2013 ሁለት ተቋም ከሆኑ ወዲህ ያ መንገድ አንድ ኬላ ጨምሯል፤ ብልሽቱን የሚያየው አንዱ ነው፣ ደንበኛ የሚደውለው ለሌላው።

አራተኛ የሚባል ነገር ባይኖርም በቅንፍ አንድ ልበል። በከተማ ኮሪደር ሥራ ሽቦ ከምሰሶ ወርዶ መሬት ውስጥ እየገባ ነው። ለዓይን ያማረ ነው፣ ከንፋስና ከቅርንጫፍም ያድናል። ነገር ግን የተቀበረ ኬብል ብልሽት ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ቋሚ ነው፤ የተቃጠለ ሽፋን እንደ አየር ቀዝቅዞ አይመለስም። ስለዚህም ኬብል ላይ መልሶ ማገናኘት አብዛኛውን ጊዜ አይሞከርም። ኬብል በተቀበረበት ሰፈር «ጊዜያዊ ብልሽት» የሚል ማስታወቂያ ያነበባችሁ ቀን ጸሐፊውን ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠይቋቸው።

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። ማስታወቂያው እንዲህ ይሁን፦ ከዚህ እስከዚያ የሚሄደው መስመር በዚህ ሰዓት ተቆረጠ፤ መልሶ ማገናኘት ተሞክሮ አልያዘም፤ ብልሽቱ ከጣቢያው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የጥገና ቡድን ወጥቷል፤ ምክንያቱ ሲታወቅ እንነግራችኋለን። ወይም፦ መልሶ ማገናኛው ለጥገና ስለጠፋ በእጅ እስክናገናኝ 2 ሰዓት ፈጅቷል። እውነት ነውና ያሳፍር፤ ምን ይደረግ? ከዚያ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሐምሌ ከመግባቱ በፊት፣ ባለፈው ዓመት በአንድ ቦታ ከሁለት ጊዜ በላይ «ጊዜያዊ» ብልሽት የታየባቸው መስመሮች ዝርዝር ይውጣ፤ ከጎኑም እዚያ ቦታ ላይ ሰው ሄዶ ምን እንዳየ። ስኒ ተቀየረ? ዛፍ ተቆረጠ? የማማው እግር ተለካ?

ይህ ቻናል ላይ በማስተላለፊያ ጣቢያ የምትሠሩ እንዳላችሁ ከምትልኩልኝ መልእክት አውቃለሁ። ስም አልጠይቅም፣ ሰነድ ላኩልኝም አልልም። በጣቢያችሁ ያለው መልሶ ማገናኛ በርቷል ወይስ ጠፍቷል? ከጠፋ ስንት ጊዜ ሆነው? አስተያየት መስጫው ክፍት ነው።